የድሮ የጀርመን የቼዝ ጠጠሮችን በካሊፐር መመርመር

ከእንጨት የተሠሩ የድሮ የጀርመን የቼዝ ጠጠሮችን ስሰበስብ ቆይቼ፣ ሰሞኑን ከአንድ ሙሉ ስብስብ ውስጥ በኋላ የገባውን ፈረስ በማስረጃ መለየት ስለቻልኩ መንገዱን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ቅርጾቹን መለመድ ብዙም አያስቸግርም። ቀጫጭንና ረጃጅም ሆነው ቀለበት የተደራረበባቸው፣ አናታቸው እንደ አበባ የፈካ ጠጠሮች በሴሌኑስ ስም ይጠራሉ። ስሙ የብራውንሽቫይግ ሉኔቡርግ መስፍን አውጉስት እ.ኤ.አ. በ1616 በላይፕሲግ ባሳተመው የቼዝ መጽሐፍ ላይ የተጠቀመበት የብዕር ስም ነው። አንዳንድ ሻጮች ይህን ዓመት የዕቃው ዕድሜ አስመስለው ማቅረባቸውን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ዛሬ ለገበያ የሚቀርቡት በአብዛኛው የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸውና።

የፈተነኝ የአንድ ስብስብ ጠጠሮች አብረው የተሠሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። የጠፋውን የተካ ባለሙያ ቀለሙንና ቫርኒሹን ካመሳሰለው በዓይን መለየት ያዳግታል። እዚህ ላይ ነው ካሊፐር፣ ማለትም የዕቃን ውፍረት በሁለት መንጋጋ ይዞ የሚለካው መሣሪያ፣ ውለታ የሚውለው። እንጨት ሲደርቅ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ከመሃል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ በቶርኖ ክብ ሆኖ የወጣ መቀመጫ ውሎ አድሮ በትንሹ ሞላላ ይሆናል። እያዞርኩ ሰፊውንና ጠባቡን ልክ እመዘግባለሁ። ጠባቡ ልክ ከቀለበቶቹ አቅጣጫ ጋር ካልገጠመ፣ ልዩነቱ የመጣው ከመድረቅ ሳይሆን ከመፋቅ ወይም ከአሠራር ሊሆን ይችላል። በዚህኛው ስብስብ ከአራቱ ፈረሶች ሦስቱ ሞላላ ሲሆኑ፣ አንዱ ነጭ ፈረስ ግን በየትኛውም በኩል ልኩ አንድ ነበር። በአጉሊ መነጽር ሳየው የቢች እንጨት የሚታወቅባቸው አጫጭር ቡናማ ጭረቶች አሉበት፤ ጓደኛው ግን ልሙጥ የፒር እንጨት ነው።

ልኩ ብቻውን ዕድሜ አይናገርም። በደንብ ሳይደርቅ የተቀረጸ አዲስ እንጨትም ቶሎ ሞላላ ስለሚሆን፣ የምጠቀምበት የአንድ ስብስብ ጠጠሮችን እርስ በርስ ለማነጻጸር ብቻ ነው።

ቀለበቶቹን ለማየት ብላችሁ ከሥር የተለጠፈውን ጨርቅ ወይም ወረቀት አትላጡ፤ እሱ ራሱ ማስረጃ ነው። እኔ የማየው ቀድሞ የተላጠበትን ብቻ ነው። በአልኮል ማጽዳትንም አልደግፍም፣ ሼላክ የተባለውን የቫርኒሽ ዓይነት ያሟሟዋልና። ቫርኒሹ የታጠበ ስብስብ በነፃ ቢሰጠኝ እንኳ አልወስድም፤ አቋሜ የከረረ መሆኑን ግን አልክድም።

ወታደሮቹ ገና ይቀሩኛል። መቀመጫቸው ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ በእኔ ካሊፐር አይያዝም፤ በማይክሮሜትር የለካ ካለ ውጤቱን ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።