እግዚአብሔር በቅዱስ ሩፋኤል አማላጅነት ለልጄ ዓይን ያደረገው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ከሜሪላንድ ነው። ለልጄ የተደረገውን በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበርና ስለቴን ላድርስ።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አለርጂ አለበት፤ ዛፍ ባበበ ቁጥር ዓይኑን ሲያሽ ይውላል። ለመንጃ ፈቃድ ሲፈተን በቀኝ ዓይኑ ከላይኛው ትልቅ ፊደል በቀር ማንበብ አቃተው። መነጽር ይበቃዋል ብለን ሄድን። ሐኪሟ ግን የዓይኑን ቅርጽ በኮምፒውተር አንሥታ «ኬራቶኮነስ ነው» አለችን። ኮርኒያ የሚባለው የዓይን የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን እየሳሳ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ፊት ይሾላል፤ ማሸት ያባብሰዋል፤ በልጅነት ሲጀምር ደግሞ ይፈጥናል። ከባሰም መጨረሻው ከሞተ ሰው በተወሰደ ኮርኒያ መተካት ሊሆን ይችላል።

እውነቱን ልናገር፤ በእግዚአብሔር ላይ ተቆጣሁ። ይህ ልጅ ስንት ዘመን ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት ነው። «ሰጥተኸኝ ልትነሣኝ ነው ወይ?» አልኩት። ቅዳሴ እቆማለሁ፣ አፌ ግን አይከፈትም። ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲል እኔ ጥርሴን ነክሼ መሬት መሬት አያለሁ።

ሐኪሟ በሽታውን ባለበት የሚያቆም ሕክምና እንዳለ ነገረችን፤ ክሮስ ሊንኪንግ ይባላል። በጀርመን ድሬስደን የተጀመረ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ልጄ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ቢወለድ ኖሮ ምን እናደርግ ነበር? በተለመደው አሠራር ኮርኒያው ቢያንስ 400 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) ውፍረት ሊኖረው ይገባል። የጤነኛ ሰው 540 ገደማ ነው፤ የልጄ ከ400 ትንሽ ብቻ ያልፍ ነበር። ኢንሹራንሱ እምቢ አለ፣ ይግባኝ አልን፣ ወራት አለፉ። ያንን የይግባኝ ደብዳቤ ተቀምጣ የጻፈችልኝን የሥራ ባልደረባዬን እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት። ስለቴን የተሳልኩት በዚያው መሐል፣ ጳጉሜን 3 በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ነው።

የሕክምናው ቀን ዓይኑን በጠብታ አደንዝዘው የኮርኒያውን ስስ ልባስ ገፈፉ። ከዚያ ሪቦፍላቪን የሚባለውን ቢጫ ቫይታሚን 30 ደቂቃ እያንጠባጠቡ ቆዩ፤ ቀጥሎ ሌላ 30 ደቂቃ አልትራቫዮሌት ጨረር አበሩበት። ሁለቱ ተጋግዘው የኮርኒያውን ክሮች እርስ በርስ ያያይዟቸዋል፤ ያኔ ይጠነክራል። እኔ ውጭ ተቀምጬ ዓይኑ የጠፋበትን ጦቢትን አስባለሁ። ሩፋኤል ባዘዘው መሠረት ልጁ ጦብያ የዓሣውን ሐሞት ዓይኑ ላይ ሲያደርግለት ነጩ ነገር ተገፎ አልነበረም?

ሌሊቱን ግን እንዴት ብዬ ልናገረው! የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመም ብርቱ እንደሆነ አስቀድመው ነግረውናል፤ የልጅ ጩኸት ግን ተነግሮ አይለመድም። ሲመሽ የማደንዘዣው ኃይል አለቀ። መጋረጃ ዘጋሁ፣ መብራት አጠፋሁ። ከበሩ ሥር የምትገባው ብርሃን እንኳ ስላስጮኸችው ፎጣ ወተፍኩበት። «እማዬ፣ አሸዋ አለበት፣ አውጪልኝ» ይለኛል። እጁ ወደ ዓይኑ ሲሄድ ሁለቱንም እጆቹን ያዝኩ። እኩለ ሌሊት ላይ የስልኬን ብርሃን በነጠላዬ ሸፍኜ ጠብታውን ላደርግለት ስል ጉንጩ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁ። ቁስሉን እንዲሸፍን ያደረጉለት ለስላሳ ሌንስ ወጥቶ ነው። ጉልበቴ ከዳኝ። ዓይኑ የፈሰሰ መሰለኝ።

ለተረኛው ሐኪም ደወልኩ። «መልሰሽ እንዳታደርጊው፤ ጠብታውን በሰዓቱ ቀጥዪ፤ በማለዳ አምጪው» አለኝ፤ ድምፁ የረጋ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጠው። የንስሐ አባታችንንም ከእንቅልፋቸው ቀሰቀስኳቸው። በስልክ ጸሎት አድርሰው «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም፤ አንቺ እጁን ብቻ ያዢ» አሉኝ። መቁጠሪያ ለመያዝ እጄ ነፃ ስላልነበረ በልጄ ጣቶች ላይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ ቆጠርኩ። ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ፣ እንደገና ከአውራ ጣቱ። ለወራት የተዘጋው አፌ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ሊነጋጋ ሲል ጣቶቹ እጄ ውስጥ ላላ አሉ፤ ተኛ።

በማለዳ ሌላ ሌንስ አደረጉለት። ቁስሉ ዳነ።

የዓይኑ ብርሃን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሕክምናውም ማቆም እንጂ የሳሳውን መመለስ አይደለም። በጠንካራው ኮንታክት ሌንስ ግን ደህና አድርጎ ያነባል። በየምርመራው የዓይኑ ካርታ ያው ነው። ሐኪሟ «አልተንቀሳቀሰም» ባለችኝ ቁጥር፣ እግዚአብሔር ባሕርን «እስከዚህ ድረሺ፣ አትለፊ» ያላት በኢዮብ መጽሐፍ የተጻፈው ትዝ ይለኛል። እኔ የለመንኩት ሌላ ነበር፤ እርሱ ወሰን አደረገለት። ተመስገን!

የግራ ዓይኑም አሁን መሳሳት ጀምሯል፤ ከፋሲካ በኋላ ይታከማል። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው፤ በጸሎታችሁ አስቡት።