የቶልኪንን የመምህርነት ዘመን በአሮጌ የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ስከታተል

ጄ. አር. አር. ቶልኪን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተባለው ልብ ወለዱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን መምህሩ ቶልኪን ነው። ሰውዬው ዕድሜውን የጨረሰው ክፍል ውስጥ ነው። እንግሊዝ አገር ከ1920 እስከ 1925 ሊድስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ እስከ 1959 ኦክስፎርድ አስተማረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እኛን የሚነካ ነገርም ጽፏል። በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያወጣው ጥናት፣ የጥንት እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን ስለሚጠሩበት ስም ነው። ሊድስ እየኖርኩ ይህን ካነበብኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚቆፍር ሰው ክፍል ገብቶ ምን ያስተምር ነበር?

መልሱ ያለው በየዓመቱ በሚታተሙ የዩኒቨርሲቲ መመሪያ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እኛ ካታሎግ የምንለው ዓይነት ናቸው፤ እንግሊዞች «ካሌንደር» ይሏቸዋል። የመምህራን ስም ከነማዕረጉ፣ የኮርሶች ዝርዝር፣ የፈተና ደንብ፣ ክፍያ፣ ሽልማት፣ ሁሉም አለባቸው። ዓመቱ ሲያልፍ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ስለዚህ ብዙዎቹ ተጥለዋል።

ልትሰበስቡ ካሰባችሁ፣ ፍለጋውን በደራሲው ስም አትጀምሩ። ሻጩ የቶልኪንን ስም ካወቀ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። በዩኒቨርሲቲው ስምና በዓመቱ ፈልጉ። አብዛኛው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ገልጦ አያነበውም፤ በርካሽ ያወጣዋል። ከመክፈሌ በፊት የርዕስ ገጹን፣ የእንግሊዝኛ ክፍል መምህራን ያሉበትንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አስልካለሁ። ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ብዙ ነው። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ካለበት ዋጋው ይቀንሳል፤ እኔ ማኅተሙን አልጠላውም። ግን ከቤተ መጻሕፍቱ በይፋ መወገዱን የሚያሳይ ምልክት ከሌለው አልገዛም። የተሰረቀ ዕቃ ቤቴ አይገባም።

ዓመቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቶልኪን ሊድስ በ1920 ሪደር ሆኖ ገባ፤ ይህ ከፕሮፌሰር ዝቅ ያለ ማዕረግ ነው። ፕሮፌሰር የሆነው በ1924 ነው። አዲሱ ማዕረግ የዚያ ዓመት መጽሐፍ ላይ መድረሱን የሚወስነው ግን መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የገባበት ጊዜ ነው። 1925 ደግሞ የባሰ ያምታታል። ኦክስፎርድ በሐምሌ መረጠው፤ ያን መኸር ግን ሊድስንም ሳይለቅ ሁለቱም ጋ አስተማረ። ስለዚህ ከምትፈልጉት ዓመት ፊትና ኋላ ያሉትንም መጻሕፍት ያዙ። ለውጡ የሚታየው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

የሊድስ ዘመኑን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ከሥነ ጽሑፍ ይልቅ ቋንቋውን መርጠው የሚያጠኑ ተማሪዎች ሲጀምር 5 ብቻ ነበሩ። በ1925 ለኦክስፎርዱ ወንበር (ለፕሮፌሰርነቱ ቦታ ማለቴ ነው) ሲያመለክት፣ 43 የሥነ ጽሑፍ እና 20 የቋንቋ ተማሪዎች እንዳሉ ጻፈ። የሚሰጡትን ኮርሶች እዩዋቸው፦ የጥንት እንግሊዝኛ የጀግንነት ግጥም፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ታሪክ፣ ጎቲክ የተባለው የጠፋ ቋንቋ፣ ጥንታዊ አይስላንድኛ፣ የመካከለኛው ዘመን ዌልሽ። ዕድሜውን ለግዕዝ የሰጠ መምህር የሚያውቅ ሰው ይህ ዝርዝር ምን ያህል ድካም እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ሌላም ነገር አለ። ሰብሳቢ ሁሉ የቶልኪንን መስመር ብቻ አይቶ መጽሐፉን ይዘጋል። አብረውት ያሉትን ስሞችም አንብቡ። ኢ. ቪ. ጎርደን ኦክስፎርድ ተማሪው ነበር፤ ሊድስ በ1922 መጥቶ ባልደረባው ሆነ። «ሰር ጋዌይን ኤንድ ዘ ግሪን ናይት» የተባለውን ጥንታዊ ግጥም አብረው አዘጋጅተው በ1925 አሳተሙ። ቶልኪን ሲሄድ ወንበሩን የወረሰው እሱ ነው። ቶልኪን ከሊድስ ከወጣ በኋላ የታተሙትን መጻሕፍት ማንም አይሻማባቸውም፤ እኔ ግን ለጎርደን ስል እገዛቸዋለሁ።

ኦክስፎርድ ጋ ሥራው ይከብዳል። አንድ መጽሐፍ አይበቃም። የመምህራኑ ዝርዝር አንድ ቦታ፣ የፈተና ደንቡ ሌላ ቦታ፣ በየተርሙ የሚሰጡት ሌክቸሮች ደግሞ «ጋዜት» በተባለው የዩኒቨርሲቲው ጋዜጣ ላይ ናቸው። ቶልኪን እዚያ ሁለት ወንበር ይዟል፤ እስከ 1945 የአንግሎ ሳክሰን (የጥንት እንግሊዝኛ)፣ ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ። ደንቡ በዓመት ቢያንስ 36 ጊዜ እንዲያስተምር ያስገድደው ነበር። በሁለተኛው ዓመቱ 136 ጊዜ አስተማረ። ቶልኪን ምሁር ሆኖ ሳለ ጥናት ብዙ አላሳተመም ተብሎ ይታማል። እነዚህን ዝርዝሮች የገለጠ ሰው ጊዜው የት እንደሄደ በዓይኑ ያያል። እኔን የሚያስቆጨኝ ይህ ነው፤ ዝናው መምህርነቱን ሸፈነበት።

አሁን የምፈልገው የስኮትላንዶቹን ነው። በመጋቢት 1939 ሴንት አንድሩስ ስለ ተረት ያደረገው ንግግር አለ። በ1953 ደግሞ ግላስጎው ስለዚያው ስለ ሰር ጋዌይን ተናግሯል። የሁለቱንም ዓመት መጻሕፍት እስካሁን አላገኘሁም። እዚያ አካባቢ ያላችሁ፣ አሮጌ መጽሐፍ ቤት ጎራ ስትሉ ታችኛውን መደርደሪያ እያችሁ አሳውቁኝ።