ድራፍት

ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ድራፍት ሲከራከሩ ሰምቼ የቢራው መስሎኝ ነበር። ለካ የዋሽንግተን ኮማንደርስ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ደጋፊዎች ናቸው፤ ክርክሩም ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ማን ይመረጥ ነው።

ወጣቱ ኳስ ተቀባይ ይምጣ ይላል። ጋሼ አምስት ሲኒ ደርድረው ከኋላ የስኳር ዕቃውን አስቀመጡ። «ይኼ ኳስ ወርዋሪያችን፣ ኳርተርባካችን ጄደን ዳንኤልስ ነው። እነዚህ ካልጠበቁት ተቀባይ ምን ያደርግለታል? በፈረንጆቹ 2012 ያመጣነው ኳርተርባክ ግሪፈን ጉልበቱ ሲጎዳ አይቻለሁ፣ ልጄ!» ሁለቱም ተጫዋቾች በየዓመታቸው ድራፍት ከሁሉም ሁለተኛ ሆነው የተመረጡ ናቸው፤ ስጋታቸው ገባኝ።

«ያመጣነው» አሉ። እኔ እዚህ አገር አሥር ዓመት ኖሬ ስለ ምንም ነገር «እኛ» ብዬ አላውቅም።

አስተናጋጇ መጥታ ሲኒዎቹን ሰበሰበች። ስኳሩ ብቻውን ቀረ።