ስምህ የለም

ቅዳሜ የሆነው ነገር ይኸው እስከ ዛሬ ፊቴን ስታጠብ ሁሉ ትዝ እያለኝ ያበግነኛል፣ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

እኔ የቢሯችን አይቲ ነኝ። አለቃችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ጋር የቪዲዮ ስብሰባ አለው፣ «ድምፁ ይቆራረጣል፣ የኔን አስቀድምልኝ» እያለ መነዝነዝ ከጀመረ ወር ሆኖታል። እኔም ቅዳሜ ቢሮ ሰው ስለማይበዛ ቀለል አድርጌ እሰራዋለሁ ብዬ ላፕቶፔን ይዤ ሀዋሳ ሀይቅ ዳር አሞራ ገደል ሄድኩ። አትፍረዱብኝ፣ ቅዳሜ ነው። አሳ ጥብስ አዝዤ፣ በስልኬ ኢንተርኔት ከሩቅ የቢሮው ኔትወርክ ውስጥ በሚያስገባው ቪፒኤን ገብቼ፣ አጠገቤ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ እንደ ኦዲተር ቆሞ እያየኝ የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው ስዊች ላይ አክሰስ ሊስት (የትኛው ትራፊክ እንደሆነ በየመስመሩ የሚለይ ዝርዝር) መጻፍ ጀመርኩ።

ስራው እኮ ቀላል ነው። የስብሰባውን ትራፊክ፣ ማለትም በኔትወርኩ የሚያልፈውን ዳታ፣ በሊስቱ ትለያለህ፣ ሊስቱን ትራፊክ የሚመደብበት ክላስ ማፕ ውስጥ ትከታለህ፣ የቅድሚያ ምልክት ትሰጠዋለህ፣ ሊስቱ ላይ የሌለው ደግሞ እንደ ወትሮው ወረፋውን ጠብቆ ያልፋል። እኔ ግን አሳው መጣና አይኔ ወደዛ ሄደና ያንኑ ሊስት ዋናው ፖርት ላይ እንደ ማጣሪያ ለጠፍኩት። እዛ ከተለጠፈ ደግሞ ሊስቱ ላይ የሌለ ሁሉ ይጣላል፣ ከመጨረሻው መስመር በታች ማንም ያልጻፈው፣ የማይታይ «ሌላው በሙሉ ክልክል» አለ፣ ይሄን ተማሪ እያለሁ ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ ደሞ። በዛ ላይ ዋይልድካርዱን (የአድራሻው የትኛው ክፍል መግጠም እንዳለበት የሚናገረውን ቁጥር) ገልብጬ 0.0.0.255 በማለት ፈንታ 255.255.255.0 ብያለሁ፣ ስለዚህ የፈቀድኩት መጨረሻው ዜሮ ለሆነ አድራሻ ብቻ ነው፣ እንደዛ አይነት ኮምፒውተር ቢሯችን ውስጥ የለም። ኢንተር ስል ስክሪኔ ደረቀ። አለቃዬም ስብሰባው ላይ አፉን እንደከፈተ ደረቀ።

ቀድሜ «ሪሎድ ኢን 10» ብዬ ቢሆን ኖሮ ስዊቹ በ10 ደቂቃ ራሱን አጥፍቶ አብርቶ ወደ ድሮው ይመለስ ነበር። አላልኩማ። ሴቭ ስላላደረኩ መብራት ቢጠፋም ይድናል፣ በህይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምነው መብራት በጠፋ ብዬ ጸለይኩ፣ ከዛ መብራት ሲጠፋ ስዊቹን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ትዝ አለኝ፣ እሱን ደሞ ግማሽ አመት ለምኜ ያስገዛሁት እኔ ነኝ።

አሳውን ለአባ ኮዳው ትቼ ባጃጅ ያዝኩ። የባጃጅ ነገር ደሞ፣ ላብህን ካዩ አለቀልህ። «ኮንትራት ነው ወንድሜ» ብሎ እጥፍ ተቀበለኝና ፒያሳ ላይ ሁለት ሰው ጫነ። ኮንትራት ብሎ! አንዷ እንደውም ጠጋ በል አለችኝ።

ቢሮ በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ቅዳሜ በዝርዝር ነው» አሉኝ። ዝርዝሩ በፕላስቲክ ተለብዷል። ከኪሳቸው የእንጨት ማስመሪያ አወጡ፣ አንደኛው ስም ስር አስቀመጡ፣ ጮክ ብለው አነበቡ፣ እኔን አዩ፣ «አንተ አይደለህም»፣ ወደ ሁለተኛው ወረዱ። 14 ስም! ሴት ስም ላይ ሲደርሱ እንኳ ቀና ብለው አረጋግጠዋል። መጨረሻ ላይ ማስመሪያውን አንስተው «የለህም»።

«ጋሼ ያውቁኛል እኮ!»

«እኔማ አውቅሃለሁ፣ ወረቀቱ ነው የማያውቅህ።»

ምናልባት ዘለውኝ ይሆናል ስላቸው እሺ ብለው እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ዝርዝሩን ባለፈው ወር የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሰው ሀብት ክፍል «አንተ አይቲ አይደለህ፣ ፕሪንት አድርግልን» ብለው ሰጡኝ (ስቴፕለር ሲደፈንባቸው ራሱ ነው የሚጠሩኝ)፣ እና ከስሞቹ ስር በራሴ አነሳሽነት፣ በደማቁ፣ «ከዚህ ውጭ ማንም ሰው አይገባም» ብዬ ጨመርኩበት። ማን ጨምር አለኝ?

ስልኬ ይጮሃል፣ አለቃዬ ነው፣ ምን ብዬ ላንሳው። ብቻ በመጨረሻ ራሱ ወጣ፣ በር ላይ አገኘኝ፣ «ኢንተርኔቱን ልሰራ መጥቼ ነው» አልኩት፣ ማን እንዳበላሸው አልጠየቀም እኔም አልተናገርኩም። እስክሪብቶ አወጣና ስሜን ከታች ጻፈው።

ጋሼ ማስመሪያቸውን ይዘው እንደገና ከላይ። አስራ አራቱን ጨርሰው «ማንም ሰው አይገባም» የሚለው ላይ ቆሙ።

«ጌታዬ፣ የጻፉት ከዚህ በታች ነው። እኔ እዚህ ስደርስ አበቃሁ፣ ከዚህ ወዲያ አላነብም።»

በእግዚአብሔር፣ አክሰስ ሊስት ከላይ ወደ ታች እንደሚነበብና መጀመሪያ የገጠመው መስመር ላይ እንደሚቆም እኔ ሰርተፍኬት አለኝ፣ እሳቸው ማስመሪያ አላቸው። አለቃዬ ምንም ሳይል ስሜን ሰርዞ ከሁሉም በላይ፣ ከራሱ ስም በላይ ጻፈው። «አሁን ግባ» አሉኝ።

የስዊቹን የመብራት ገመድ ነቅዬ ሰካሁት፣ ትንሽ ጠብቄ መጣ። በቃ ይሄው ነው የሰራሁት። ስብሰባው አሁንም ይቆራረጣል። ዝርዝሩ ላይ ግን ከዋና ስራ አስኪያጁ በላይ ነኝ፣ እስካሁን ማንም አላስተካከለውም፣ ጋሼም ባለፍኩ ቁጥር ማስመሪያውን ከፍ አድርገው ያሳዩኛል።