አምፑን ከመሸጣችሁ በፊት ስፒከሩን ቀይሩ

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በሐበሻ ምግብ ቤቶች ጊታር የምትጫወቱ ልጆች አዘውትራችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «የአምፔ ድምፅ ጆሮ ይወጋል፤ የትኛውን አምፕ ልግዛ?» ትሉኛላችሁ። መልሴ ሁሌም ያው ነው። አምፑን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን መሣሪያ፣ አትሽጡ፤ መጀመሪያ ስፒከሩን ቀይሩ። ድምፅ የሚቀይር የእግር ፔዳል ለመግዛትም አትቸኩሉ። ከጣታችሁና ከጊታራችሁ ቀጥሎ ድምፃችሁን የሚወስነው ያ ክብ የስፒከር ወረቀትና የተቀመጠበት ሳጥን ነው።

አገር ቤት ስጫወት ይሄ ጥያቄ አልነበረም። ክለቡ ያለውን ሰክተህ ትጫወታለህ። የስፒከሩ ወረቀት ተቀዶ በማስቲሽ ቢለጠፍም በዚያው ታመሻለህ። አሜሪካ ስመጣ ግን የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ውስጥ አምፕ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ አገኘሁ። ሰክተህ ብትሞክር የሚቆጣህ የለም። ያገለገለ ዕቃም በኢንተርኔት ሞልቷል። ቀን ሥራ ውዬ ማታ የስፒከር ዋጋ እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ምርጫ ሲበዛ ደግሞ መመዘኛ ያስፈልጋል። የኔ መመዘኛ ሁለት ነው፤ የምንጫወተው ሙዚቃና የምንጫወትበት ቤት።

ቤቱን ታውቁታላችሁ። ዘጠነኛው መንገድና ዩ ስትሪት አካባቢ፣ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ሊሆን ይችላል። ጠባብና ረጅም ነው። መድረክ የሚባለው ጥግ ላይ የተተወ ቦታ ነው። አጠገብህ ኪቦርድ አለ፣ ሳክስፎን አለ፣ አንዳንዴ ማሲንቆ ይጨመራል። ፊት ለፊትህ ደግሞ ቤተሰብ እራት እየበላ ነው። እዚያ ቤት አራት ስፒከር ያለው ትልቅ ሳጥን ይዞ መግባት ተገቢ አይደለም። የማርሻል 1960 ኤ ሳጥን ብቻውን ከ36 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለትልቅ የሮክ መድረክ ነው የተሠራው፣ እዚያም ያምርበታል። እኛ ግን ፎቁን በደረጃ ወርደን መኪና ውስጥ የምንጭነው፣ በሌሊትም መልሰን የምናወጣው እኛው ነን።

ሳጥኖች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጀርባው የተዘጋና ጀርባው ክፍት የሆነ። በተዘጋው ውስጥ የኋላው አየር መውጫ ስለሌለው ድምፁ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ወፍራሙ ድምፅ ጠንካራና የተሰበሰበ ይሆናል። ክፍት ሲሆን ግን ስፒከሩ በፊትም በኋላም ያሰማል። የኋላው ድምፅ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ ወፍራሙን ክፍል በከፊል ያጠፋዋል። በዚህ ምክንያት ነው ክፍት ሳጥን ቀለል ያለ የሚመስለው። በምላሹ ድምፁ ግድግዳ እየነካ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። ድራመሩም ጊታርህን ይሰማል፣ ጎንህ ያለው ኪቦርድ ተጫዋችም ይሰማል።

ለእኛ ሙዚቃ የምመርጠው ክፍቱን ነው። ወፍራሙን ቦታ ቤዝ ጊታርና የኪቦርድ ግራ እጅ ይዘውታል። ጊታር እዚያ ገብቶ ቢጋፋ ችክችካው ይጨማለቃል። ክፍት ሳጥን ላይ ያ ምት ጥርት ብሎ ይወጣል።

ሳጥኑ ከተመረጠ በኋላ ትልቁ ነገር ስፒከሩ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ነው የሠራሁት። ሁለት አንድ ዓይነት ክፍት ሳጥኖች አገኘሁ፤ ሁለቱም አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር የሚይዙ ናቸው። አንዱ ውስጥ ሴለስቲዮን ቪንቴጅ 30 አስገባሁ። ሌላው ውስጥ የዚያው የእንግሊዝ ኩባንያ ስፒከር የሆነውን ጂ12ኤም ክሪምባክ አስገባሁ። አምፑ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነው፣ 22 ዋት። ከባንዱ ኪቦርድ የሚጫወቱትን ታላቃችንን ቤት ጠራኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። አንድ የትዝታ ሐረግ ሉፐር ፔዳል ላይ ቀድቼ እሱን ደጋግሜ አጫወትኩ፣ ምክንያቱም እጅ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይመታም። የድምፁንም መጠን በስልክ መለኪያ አስተካከልኩ። ይሄን አትዝለሉት። ጆሮ ጎላ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ይላል።

የመጀመሪያውን ሰሙና «ይሄኛው ይጮሃል» አሉ።

«ጋሼ፣ መጠኑን እኩል አድርጌዋለሁ እኮ።»

«መጠኑን አላልኩህም፣ ልጄ። ዘፋኟ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው።»

ቪንቴጅ 30 ነበር። እሳቸው ስሙን አያውቁትም፣ ግን ልኩን ተናገሩ። ይሄ ስፒከር ከመካከለኛው ድምፅ ላይኛውን ክፍል፣ በግምት ከ2 እስከ 3 ኪሎኸርዝ ያለውን፣ ከፍ አድርጎ ያወጣል። ሮክ ተጫዋቾች የሚወዱት ለዚህ ነው። ጊታሩ በዲስቶርሽን፣ ማለትም ሆን ተብሎ በሚሻክር ድምፅ፣ ሲታፈን ያ ክፍል ፈልቅቆ ያወጣዋል። በእኛ ባንድ ውስጥ ግን ያንን ቦታ የድምፃዊዋ ቃላት ይፈልጉታል። ሳክስፎኑም ማሲንቆውም እዚያው ናቸው። ስፒከሩ ግሩም ነው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው።

ክሪምባኩን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩ። ሐረጉ ሲደጋገም ማንጎራጎር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የእኛ ጊታር ሥራ ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተውን ሰላም ስዩምን ስሙ። ጊታሩ ከዘፋኙ ጋር አይጣላም። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ይገባል፣ ይመልሳል፣ ይወጣል። እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ይሰማል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ ያሉት ጠባብ እርምጃዎች ደብዘዝ ካሉ ቅኝቱ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ የምንፈልገው ስፒከር ጥርት ያለ፣ ግን የማይወጋ ነው። አምፔ አብሮት የመጣው ስፒከር፣ ጄንሰን ሲ12ኬ፣ ጥርት ማለቱን ያውቅበታል። 100 ዋት ስለሚችል ሲጮህም አይበላሽም። በነጠላ ጥቅልል ፒክአፕ (ፒክአፕ የክሩን ንዝረት የሚይዘው የጊታሩ ክፍል ነው) ስጫወት ግን ላይኛው ድምፅ ለእኔ ጆሮ በዛብኝ። ለስላሳ የሚፈልግ ሰው አሜሪካዊው ኤሚነንስ ከሄምፕ ቃጫ በሚሠራው ወረቀት የሚያወጣቸውንም ይሞክር፤ ቀጭኑን ድምፅ ረገብ ያደርጋሉ።

አሁን ስለ ቁጥሮቹ። ብዙ ሰው ዋት ብቻ አይቶ ይገዛል። ዋት የሚነግራችሁ ስፒከሩ ሳይቃጠል ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ነው፣ ምን ያህል እንደሚጮህ አይደለም። የሚጮህበትን የሚነግራችሁ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው፣ በዴሲቤል የሚጻፈው ቁጥር ነው። ቪንቴጅ 30 100 ዴሲቤል ነው፣ ጂ12ኤም ክሪምባክ 97። ሦስት ዴሲቤል ትንሽ ትመስላለች፣ ግን የአምፑን ኃይል በእጥፍ ከመጨመር እኩል ናት። ማለትም የኔ 22 ዋት በቪንቴጅ 30 ሲወጣ 44 ዋት አምፕ በክሪምባክ እንደሚወጣው ይሆናል። ትልቅ አዳራሽ ለሚጫወት ይሄ ጥቅም ነው። ሰው እራት በሚበላበት ቤት ግን ዝቅ ያለው ይሻላል። አምፑን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ቱቦዎቹ፣ ማለትም በአምፑ ውስጥ ድምፁን የሚያጎሉት አምፖል መሳይ ብርጭቆዎች፣ ሞቅ ሲሉ ያለውን ድምፅ ታገኛላችሁ፣ የቤቱ ባለቤትም መጥቶ «ቀንሱ» አይላችሁም።

ዋቱን ግን ጨርሶ አትናቁት። ግሪንባክ የሚባለው የሴለስቲዮን ስፒከር 25 ዋት ነው። 22 ዋት የተባለ ቱቦ አምፕ ሙሉ ሲከፈት ከ22 በላይ ይወጣዋል። አንድ ስፒከር ብቻ ካላችሁ የአምፑን እጥፍ የሚችል ግዙ። የኔ ክሪምባክ 65 ዋት ነው፣ ያለ ሐሳብ እጫወታለሁ።

ኦሙ፣ ማለትም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ ከአምፑ ጋር መግጠም አለበት። አምፑ 8 ኦም ካለ ስፒከሩም 8 ይሁን። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን፣ ማለትም በፓራለል፣ ሲገናኙ 4 ይሆናሉ፤ በተርታ ሲቀጣጠሉ 16። ሁለት ባለ 16 በፓራለል 8 ይሰጣሉ። ቱቦ አምፕን ያለ ስፒከር ፈጽሞ አታብሩ፣ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ከአምፕ ወደ ሳጥን የሚሄደውም ገመድ የስፒከር ገመድ ይሁን። የጊታር ገመድ መልኩ ቢመሳሰልም ውስጡ ቀጭን ነው፣ ያንን ኃይል አይችልም።

አዲስ ስፒከር ገዝታችሁ የመጀመሪያው ማታ ቢያስጠላችሁ ወዲያው አትመልሱት። ወረቀቱና ጠርዙ እንደ አዲስ ጫማ እስኪለመድ ደረቅ ይላል። ጥቂት ሳምንት ተጫወቱበት። አፓርትመንት ውስጥ ጎረቤት ስላለ እኔ ይሄን የማደርገው ልምምድ ቦታ ላይ ነው።

ስለ አቀማመጥ ደግሞ፦ ቀጭኑ ድምፅ ከስፒከሩ መሐል ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አምፑ መሬት ላይ ካለ ያ ድምፅ በእግራችሁ አጠገብ አልፎ ፊት ለፊት የተቀመጠውን እንግዳ ይመታዋል። እናንተ አይሰማችሁም፣ ስለዚህ ትሬብሉን፣ ማለትም የቀጭኑን ድምፅ መጠን፣ ትጨምራላችሁ፣ ሰውዬው ይሰቃያል። ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉትና ወደ ራሳችሁ ጆሮ ይመልከት። ያን ጊዜ እጃችሁ ራሱ ይቀንሰዋል። ክፍት ሳጥን ከሆነ ደግሞ ከግድግዳው ትንሽ አርቁት።

ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ሲሆን ትልቅ ሳጥን አልሸከምም። ያንኑ አንድ ስፒከር ይዤ እሄዳለሁ፣ ሹር ኤስኤም57 ማይክ ፊቱ አደርግና ወደ ሚክሰሩ እልከዋለሁ። ማይኩን ልክ መሐል ላይ ካደረጋችሁት ይወጋል፣ ወደ ጠርዙ ከወሰዳችሁት ይደበዝዛል። መሐል ያለው ቆብና ወረቀቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ጀምሩ፣ ከዚያ በጣት ስፋት ወዲህ ወዲያ እያላችሁ ስሙ። ሳውንድ የሚሠራው ልጅ ቢቸኩልም አትልቀቁት።

ሁለቱም ሳጥኖች እስካሁን ቤቴ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ አምፓችሁን ይዛችሁ ኑ። የራሳችሁን ጊታር እየመታችሁ ሁለቱንም እንሰካለን። ከተቻለ አብራችሁ የምትጫወቱትን ድምፃዊም ይዛችሁ ኑ።