በችሎት ፊት የዘለልኩት ቃል

በሰሜን ቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ሰዎቻችን በአጭሩ «ዲዩአይ» የሚሉትን፣ ጠጥቶ የማሽከርከር ክስ፣ ስንት ጊዜ እንዳስተረጎምኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አንዱን ግን አልረሳውም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩና። እዚህ የማወጋው በግልጽ ችሎት የተባለውን ብቻ ሲሆን፣ ባለጉዳዩን ሊያስለይ የሚችለውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ።

ጊዜው ብርዱ የጠናበት የጥር ወር ነበር። በዚያ ጠዋት ዳኛው ተከሳሾችን በተራ እየጠሩ ክሱን ያነባሉ፣ ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊደርስ እንደሚችል ያሳውቃሉ፣ ከዚያም እያንዳንዱን «ጠበቃ ይቀጥራሉ፣ መንግሥት እንዲያቆምልዎ ይጠይቃሉ ወይስ ያለ ጠበቃ ይከራከራሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተራው የእኛ ሲደርስ ሃምሳዎቹን የተጠጋ፣ ኮቱን በደንብ የቆለፈ ሰው አጠገቤ ቆመ። መተዳደሪያው የመንገደኛ አውቶቡስ ነበር። ክሱን እንዲህ ብዬ ነገርኩት፦ «በአልኮል መጠጥ ተጽዕኖ ሥር ሆነው ተሽከርካሪ ነድተዋል በሚል ተከሰዋል።»

የሰውየው ትከሻ ወዲያው ቀለል ሲለው አየሁ። «ክቡር ዳኛ፣ እኔ አልነዳሁም» አለ። «የዘመድ ክርስትና ላይ ጠጥቼ ነበር፣ አልዋሽም። እንዳልነዳ ብዬ መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ። ቁልፉን ያዞርኩት ለማሞቂያው ነው። ፖሊሱ መስኮቱን ሲያንኳኳ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ፤ እሱም ቢጠየቅ አይክደውም። ስለዚህ ጠበቃ አያስፈልገኝም።» ቃል በቃል አስተረጎምኩት። ዳኛውም በጠበቃ የመወከል መብትን የመተዊያውን ቅጽ ከፊታቸው ሳቡ።

ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። ዳኛው ያነበቡት አንድ ግስ አልነበረም፤ «ድራይቭ ኦር ኦፐሬት»፣ መንዳት ወይም «ኦፐሬት» ማድረግ፣ ነበር ያሉት። እኔ ሁለቱን ጠቅልዬ «መንዳት» አልኳቸው። ለወትሮው ይህ ጉዳት ያለው አይመስልም፤ ለዚህ ሰው ግን ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለው እኔ በዘለልኩት በሁለተኛው ቃል ላይ ነበር። ያልነዳ ሰው፣ «ነድተሃል» ብለው እንደከሰሱት እየነገርኩት፣ በእኔ ትርጉም ተማምኖ ጠበቃውን ሊተው ብዕር አንስቶ ነበር።

እጄን አነሣሁ። አስተርጓሚ በችሎት ፊት ስለ ራሱ በሦስተኛ ሰው ነው የሚናገረው፤ «ክቡር ዳኛ፣ አስተርጓሚዋ የሰጠችውን ትርጉም ማረም ትፈልጋለች» አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር። ፈቀዱልኝ። ነገር ግን በምን ቃል ልታረም? መዝገበ ቃላቱ «ኦፐሬት»ን «ማንቀሳቀስ» ይለዋል፤ ያ ደግሞ መኪናው ከቦታው ተነቃንቋል ማለት ይሆንና ስህተቱን ያባብሰዋል። «በቁጥጥር ሥር ማዋል» ብል ፖሊስ ሰው ሲይዝ የምንለው ነው። ከራሴ ጨምሬ ማብራራት ደግሞ አይፈቀድልኝም፤ አስተርጓሚ የሕግ ምክር አይሰጥም። ስለዚህ ቃሉ በአማርኛ አንድ አቻ እንደሌለው ገልጬ፣ ችሎቱ ራሱ እንዲያብራራው ጠየቅሁ።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እስክጨርስ እየጠበቁኝ፣ በቨርጂኒያ ሕግ ጥፋተኛ ለመባል መኪናው የግድ መንቀሳቀስ እንደማያስፈልገው፣ የጠጣ ሰው በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፉ በማስነሻው ውስጥ ከተገኘ ይህ ብቻውን ሊበቃ እንደሚችል፣ ስለዚህም ጠበቃ ሳያማክር ባይወስን እንደሚመክሩት ነገሩት። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ ተኝቼም ቢሆን ነው ያሉት?» አለኝ። ለእኔ የተጠየቀውን ጥያቄ ለዳኛው አስተረጎምኩ። «አዎን፣ ተኝተውም ቢሆን» አሉ። ብዕሩን መልሶ ጠበቃ ለመቅጠር ቀጠሮ ጠየቀ።

የዳኛው ማብራሪያ የግል አስተያየታቸው አልነበረም። የሕጉ አንቀጽ 18.2-266 ነው፤ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ ሰውየው ቢንገዳገድም ባይንገዳገድም ያስጠይቃል። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በአውራ ጎዳና ላይ ቆሞ በነበረ መኪና ላይ ቁልፉ በማስነሻው መገኘቱ በቂ መሆኑን ወሰነ። በ2014 ደግሞ በገዛ ቤቱ መግቢያ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ጥፋተኝነት አጸና። «መኪናዬ ውስጥ ትንሽ ሸለብ ላድርግና» የሚለው ጥንቃቄ በእኛ ዘንድ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ስለማውቅ፣ እነዚህን ሁለት ውሳኔዎች ሳነብ በጣም አዝኛለሁ። ወንበሩን አስተኝቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ የሚያድረው ሰው እኮ ሰው እንዳይጎዳ ያሰበ ነው።

የፍርዱ ቀን አስተርጓሚ ሆኜ የተመደብኩት እኔው ነበርኩ። የትንፋሹ ልኬት 0.11 ነበር። ከ0.15 ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ 5 ቀን፣ ከ0.20 ቢያልፍ 10 ቀን የግድ ይታሰር ነበር። በጠበቃው አማካይነት ከተከራከረ በኋላ ጥፋተኛ ተባለ። 30 ቀን እስራት ተፈረደበት፣ ሙሉው በገደብ፤ 250 ዶላር መቀጮ፤ የመንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት መታገድ፤ የአልኮል ትምህርት ፕሮግራም። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እንግሊዝኛው ለእስራቱም ለመንጃ ፈቃዱም «ሰስፔንድ» የሚል አንድ ቃል ነው የሚጠቀመው። ለእስራቱ ሲሆን «አትታሰርም» ማለት ነው፣ ለመንጃ ፈቃዱ ሲሆን «አትነዳም»። ያን ቀን ሁለቱን በየራሳቸው ቃል ለየሁ፤ እስራቱን «በገደብ»፣ ፈቃዱን «ታግዷል» አልኩ። የትንፋሽ ምርመራውን እምቢ ስላሉ ሰዎች ሳስተረጉምም እንዲሁ እጠነቀቃለሁ፤ የመጀመሪያው እምቢታ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ» ነው ሲባል ሰው ቀላል ይመስለዋል፣ ነገር ግን የሚያስከትለው ለአንድ ዓመት ፈቃድ ማጣት ነው።

ለዚህ ሰው ውስን ፈቃድ ተሰጠው፤ ቢያንስ ለ6 ወር፣ ትንፋሽ ሳይለካ ሞተር የማያስነሣ መሣሪያ በመኪናው ላይ አስገጥሞ ወደ ሥራ እንዲመላለስበት። «ወደ ሥራ» የሚለውን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ «እንግዲያው አውቶቡሴን መንዳት እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛው «አይሆንም» በሚል አንገታቸውን ነቀነቁ። ይህ ፈቃድ ለንግድ ተሽከርካሪ አይሆንም፤ ጥፋቱ በግል መኪና የተፈጸመ ቢሆንም «ሲዲኤል» የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ይታገዳል።

«እንዳልነዳ ብዬ ነበር እኮ የተኛሁት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዳኛው «አምንዎታለሁ» አሉ፣ ወረቀቱንም ለጸሐፊዋ አቀበሉ። ሁለቱንም አስተረጎምኩ።