የግሱ ባለቤት ማን ነው?

የሬዲዮ የሳይንስ ፕሮግራም አዘጋጅ ሳለሁ የገጠመኝ ነው። የሳምንቱ ርዕሴ ከሰማይ የሚወድቁ ድንጋዮች፣ ሜትዮራይቶች፣ ነበሩ። ስክሪፕቴ ላይ «በፈረንጆቹ 2013 በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ሜትዮራይት ወደ 1,500 ሰዎችን መታ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢያችን ጋሼ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበሩ። ሌላ ሰው ሳያየው አየር ላይ ዋለ።

ፕሮግራሙ ሳያልቅ አንድ የፊዚክስ መምህር ደወሉ። ቁጣ የለባቸውም። «እህቴ፣ እነዚያን ሰዎች የመታቸው ድንጋዩ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ማታ ያነበብኩትን ሁሉ እንደ አዲስ አገላበጥኩ። 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አለት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈነዳ። ሰዉ ብልጭታውን አየና ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሄደ። የፍንዳታው ግፊት ከተማዋ የደረሰው ግን ከደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። ሰዉ መስኮት ስር እንደቆመ መስታወቱ ረገፈበት። አብዛኛውን ሰው ያቆሰለው ይኸው ስብርባሪ ነው።

እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ብልጭታ ያየ ሰው ከመስኮት ይራቅ ብዬ መናገር ስችል፣ «መታ» በምትል አንዲት ቃል ሸፈንኩት።

ጋሼ ሲመለሱ ስክሪፕቱን አሳየኋቸው። «መታ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ከበቡት። «አንቺ ልጅ፣ የዚህ ግስ ባለቤት ማን ነው?» አሉ። ቀጥለውም «በእርግጥ ድንጋይ የመታው ሰው ካለ አምጪልኝ» አሉኝ።

አለ። ኖቬምበር 30 ቀን 1954 በአላባማ፣ ሲላኮጋ፣ አን ሆጅስ ሶፋ ላይ ተኝታ ነበር። 4 ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ ጣሪያውን በስቶ ገባ፤ ትልቁን ሬዲዮ መትቶ ነጠረና ጎኗን አገኛት። የበለዘው ጎኗ ፎቶ ተነስቷል። መኪናም ተመትቷል። በ1992 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ፒክስኪል፣ 12 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድንጋይ የቆመች ሼቭሮሌት ማሊቡን የኋላ ዕቃ መጫኛ ቀዶ ወጣ። ድንጋዩም የተገኘው እዚያው መኪናዋ ስር ነው። በሁለቱም ቦታ ድንጋዩ በእጅ ተይዟል፣ የመታውም ነገር ታይቷል።

በሚቀጥለው ሳምንት ማረሚያውን ራሴ አነበብኩት። ስለ መስኮቱም ተናገርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ናኽላ ስጽፍ ያው ነገር መጣብኝ። በ1911 ግብፅ ውስጥ የወረዱት እነዚህ ድንጋዮች ከማርስ የመጡ ናቸው። አንደኛው ውሻ ገደለ ይባላል። የውሻው ሬሳ ግን አልተገኘም፤ ያለው የአንድ ገበሬ ቃል ብቻ ነው። «ድንጋዩ ውሻ ገደለ» ብዬ የጀመርኩትን ሰረዝኩና «አንድ ገበሬ ተናገረ» ብዬ ጻፍኩ።